ርብራብ ሳይወጣ፣ ጉድጓድ ሳይወረድ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ግንባታ የሚጧጧፈው ክረምቱ ሲያበቃ ነው። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠና አጠና የጫነ አይሱዙ ይገባል፤ ድንጋይና አሸዋ በየደጁ ይራገፋል፤ መሠረት ይቆፈራል። ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው። ባለቤቱ የበልጉ ዝናብ ሳይደርስ ቆርቆሮው እንዲመታለት ይቸኩላል። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ቶሎ አስረክቦ ወደ ሌላው መሻገር ይፈልጋል፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የዛሬዋን ሒሳብ። በዚህ መሀል ማንም ሳይቆጨው የሚዘለለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ዶማው ሳይነሳ፣ መሰላሉ ሳይቆም፣ «ዛሬ እዚህ ምን ሊጎዳን ይችላል?» ተብሎ የሚታይበት ጊዜ።

ይህን ስጽፍ ትልልቅ ተቋራጮችን አላሰብኩም። እነሱ የደኅንነት ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ ቢያንስ ይጠበቅባቸዋል። የማስበው አምስትም ሃያም ሰው ይዞ የሚያሠራውን ካቦ፣ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ቤቱን ራሱ ቆሞ የሚያሠራውን ባለቤት፣ በደቦ የሚቆፍረውን የገጠር ሰው ነው።

አደጋው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ አረርቲ ከተማ ላይ ግንባታዋ ባላለቀ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ለዓመት በዓሉ የመጡ ምእመናን ሥራውን ለማየት ርብራቡ ላይ ወጥተው ነበር። ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። በራሳችን ዞን በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ በ2016 ዓ.ም. ኦፓል ፍለጋ ዋሻ የገቡ ሃያ ያህል ቆፋሪዎች ላይ አፈሩ ተንዶ መውጫቸውን ዘጋ። አንዱ ከላይ የወደቀ፣ አንዱ ከላይ የተናደ ነው። እኛ ዘንድ ሥራ ላይ ሰውን ሊገድሉ ከሚችሉት መንገዶች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ስለዚህ እኔም ብዙ የምቆየው እነሱ ላይ ነው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። የሞትን ቀን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። የአጠናውን ውፍረት የመረጠው ግን ሰው ነው።

ዙሩ፣ ከዚያ ጠይቁ

መጀመሪያ ቦታውን በእግር ዙሩት። ብቻችሁን ሳይሆን ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር። ዕቃ ይዛችሁ አትዙሩ፤ ዕቃ የያዘ ሰው ዓይኑ ሥራው ላይ ነው።

ወደ ላይ እዩ፦ የኮረንቲ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የደረቀ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ማንም ሳያስረው ጣሪያ ላይ የቀረ ቆርቆሮ። ወደ ታች እዩ፦ ስንጥቅ፣ የረሰረሰ መሬት፣ ተደፍኖ የተረሳ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ሚስማሩ ወደ ላይ ያፈጠጠ ጣውላ። ወደ ጎን እዩ፦ የጎረቤቱ አጥር መሠረት ከእናንተ ቁፋሮ ምን ያህል ይርቃል? ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በየት በኩል ነው? ከብት የሚያልፈውስ? ድንጋይ የጫነው መኪና የሚመለሰው በየት ነው፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያየውስ ማን አለ?

ከዚያ ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ግን ብልሃት ያስፈልጋል። «ችግር አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ከወዲሁ የታወቀ ነው፦ «ምንም ችግር የለም ጋሼ።» ሰው ሥራ እንዳይቀርበት፣ ፈሪ እንዳይባል፣ አንዳንዴም አክብሮ እንዲህ ይላል። ይልቅ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፦ «ድንጋዩን እዚያ ላይ እንዴት ልታደርሰው ነው? እስቲ አሳየኝ።» «እግርህን የት ታሳርፋለህ?» «ይሄ ቢንሸራተት ወዴት ይወድቃል?» ሲያሳያችሁ እሱም ያያል። ውኃና አሸዋ የሚያመላልሱትን እህቶችም አትዝለሏቸው። በቀን ውስጥ መወጣጫውን ከማንም በላይ የሚመላለሱበት እነሱ ናቸው፤ የትኛው ጣውላ እንደሚወዛወዝ ከካቦው በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀሚስ የሚጠልፍ ሚስማር የት እንዳለም ጭምር።

ያገኛችሁትን በደብተር ጻፉት። ቅጽ አያስፈልግም፤ «ምን አለ፣ ማንን ይጎዳል፣ ምን እናድርግ፣ ማን ያድርገው» ብቻ ይበቃል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፤ ቅጠሉን ማን እንደሚይዝ ካልተባለ ግን ሁሉም ሌላው ይይዘዋል ብሎ ይቀመጣል።

የሚገድለውን ከሚያቆስለው ለዩ

ዝርዝሩ ሃያ ነገር ቢሆን ሃያውንም በአንድ ጠዋት አትጨርሱትም። ስለ እያንዳንዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቢደርስ ምን ያህል ይጎዳል? የመድረስ ዕድሉስ? መዶሻ ጣት መምታቱ በየቀኑ ሊደርስ ይችላል፤ ጥፍር ይጠቁራል፣ ያልፋል። ጉድጓድ መናዱ በዓመት አንዴም ላይደርስ ይችላል፤ ሲደርስ ግን ቤተሰብ ይበትናል። መጀመሪያ የሚታየው ሁለተኛው ነው። ከፍታ፣ ጥልቀት፣ ኮረንቲ፣ መኪና፦ ከእነዚህ አንዱ ካለ እሱ ሳይስተካከል ሌላው አይነካም።

ቀስ ብሎ የሚጎዳም አለ፤ ስለማያስደነግጥ ይረሳል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቦት ጫማ ውስጥ ገብቶ የዋለ እንደሆነ ቁስሉ የሚታወቀው ማታ ነው። ድንጋይ ሲጠረብ የሚፈናጠረው ስባሪ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ርካሽ ነው፤ ጠራቢዎች ግን ሲያደርጉት አላይም፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከማልበስ በፊት ማስወገድ

ደኅንነት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሄልሜት ነው። ሄልሜት ያስፈልጋል። ነገር ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከከሸፈ በኋላ ጭንቅላት ላይ የሚቀረው። ያገኛችሁትን አደጋ ስታስቡ ከዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ጭራሹን ማስቀረት እንችላለን?

ለምሳሌ የጣሪያ ማገር። ከላይ ተንጠልጥሎ ከሚመታ መሬት ላይ ተገጣጥሞ ቢወጣ፣ ሰው ከፍታ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይቀንሳል። ማስቀረት ካልተቻለ በሌላ ተኩ፦ በተሰበረ መሰላል ፈንታ ርብራብ፣ በተላጠ ገመድ ፈንታ ደኅና ገመድ። ካልሆነ ሰውንና አደጋውን ለዩ፦ ጉድጓዱን እጠሩ፣ የግራይንደሩን መከለያ መልሱ፣ ግንበኛ ከላይ ሲሠራ ከሥሩ መተላለፊያውን ዝጉ። ቀጥሎ አሠራሩ ይመጣል፦ ማን መቼ ይሥራ፣ ማን ይጠብቅ። ጓንቱ፣ ጫማው፣ ቆቡ መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቶች ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡት ቆብ መግዛት ቀላል ስለሆነ ነው። አንድ ቆብ ተገዝቶ ለሦስት ሰው በተራ ሲሰጥ አይቻለሁ።

ርብራቡ

በደጋው ርብራብ የባሕር ዛፍ ሥራ ነው፤ የብረቱ ርብራብ ወደ እኛ እምብዛም አይዘልቅም። ባሕር ዛፍ በአግባቡ ከተሠራበት ክፉ እንጨት አይደለም። ክፋቱ ጠባዩ መለዋወጡ ነው። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ አጠና ይጎብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የያዘው ሚስማር ይላላል። ሰኞ የጠነከረ ርብራብ በሳምንቱ ሊወላልቅ የሚችለው ለዚህ ነው። አምና ያገለገለው ደግሞ ውስጡን ነቀዝ በልቶት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን አጠና ሳይተከል እዩት፦ ርዝመቱን ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ፣ ትልቅ ቋጠሮ፣ የተነቀለ ሚስማር ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ለማገዶ ይሁን። እኔ ብሆን ለቋሚ ወርዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ አልቀበልም። ጣውላውን ደግሞ ሁለት ጫፉን ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አሳርፋችሁ ሁለት ሰው መሀሉ ላይ ይቁምበት። መሰበሩ ካልቀረ እዚያ ይሰበር።

እግሩን እዩ። የእኛ አገር ዋልካ በደረቅ እንደ አለት ይጠነክራል፤ አንድ ሌሊት ከዘነበበት ቋሚው ይሰምጣል። አንዱ እግር በአራት ጣት ሲሰምጥ ሸክሙ ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። እያንዳንዱን ቋሚ በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በወፍራም ጣውላ ላይ አቁሙ። ብሎኬት ከሥር አታስገቡ፤ ሳይታሰብ ይፈረከሳል።

ማያያዣው ላይ ሰው የሚሳሳተው ሚስማርን ከልክ በላይ በማመን ነው። ሚስማር ክብደትን በጎኑ ይሸከማል፤ በሚነቀልበት አቅጣጫ የተሳበ እንደሆነ ግን እየወጣ ይመጣል። አግዳሚው ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ደግፋችሁ ምቱ፤ በላዩ ላይ በማሰሪያ ሽቦ ጠፍሩት። ከዚያ ሰያፉ አለ። ሰያፍ የሌለው ርብራብ ቆሞ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲገፉት ግን እንደ ካርቶን ይታጠፋል። በየፊቱ ከታች እስከ ላይ መስቀለኛ ሰያፍ ይኑረው። ከፍታው አራት ሜትር ገደማ ሲደርስ ከሕንፃው ጋር ይታሰር፤ ከመስኮት ፍሬም ጋር ሳይሆን ከኮለኑ ወይም ከግንቡ ጋር።

የሚቆምበት ወለል ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ አንድ ጣውላ ላይ ሆኖ መለሰን የሰርከስ ሥራ ነው። ጣውላው ከመደገፊያው ከአንድ ስንዝር በጣም አልፎ አይውጣ፤ የወጣውን ጫፍ የረገጠ ሰው ከነጣውላው ይገለበጣል። ወገብ ላይ፣ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ መያዣ አግዳሚ ምቱ። ከእግር ሥር ደግሞ ዕቃ እንዳይንከባለል የሚያግድ ጠርዝ።

ሸክሙን አስሉ። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት አንዱ 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሃያ ብሎኬት አንድ ቦታ ቆልላችሁ ሁለት ሰው ካቆማችሁበት፣ አንድ ጥንድ ጣውላ ከ400 ኪሎ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይውጣ፤ እሱም በቋሚው አጠገብ ይቀመጥ እንጂ መሀል ላይ አይቆለል።

ከአረርቲው የሚወሰደው ትምህርት እዚህ ላይ ይመጣል። ርብራብ የሚታሰረው ለሚሠሩበት ጥቂት ሰዎች ነው። ማን ሊወጣበት እንደሚችል፣ ስንት ሰው አንዴ ሊቆምበት እንደሚችል ወስኑ፤ ለሁሉም ንገሩ፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት የመጀመሪያውን መወጣጫ አንሱ። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ እያሠራችሁ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። የአምልኮ ቤት ሕዝብ በገንዘቡና በጉልበቱ የሚያሠራው ነው፤ በበዓል ቀን መጥቶ «እስቲ የት ደረሰ» ማለቱ ተገቢ ነው። ሰው እንዳይወጣ መከልከል ነውር የመሰለው ኮሚቴ በበዓሉ ዋዜማ መሰላሉን ያንሳ፣ ዙሪያውን በገመድ ይጠር። ከሰው ጋር መነታረክ አያስፈልገውም።

ጉድጓዱ

ለሽንት ቤት፣ ለውኃ፣ ለመሠረት እንቆፍራለን። ብዙ ሰው ጉድጓድን የሚፈራው ከላይ እንዳይወድቅበት ነው። ዋናው አደጋ ግን ግድግዳው ራሱ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ አፈር ሃያ ኩንታል ሊጠጋ ይችላል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል፤ አየር ባወጣ ቁጥር አፈሩ ቦታውን ይይዝበታል።

ዋልካ እዚህ ላይ አታላይ ነው። በደረቁ ስትቆፍሩት ግድግዳው በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ «ይሄ የት ይሄዳል» ያሰኛል። በበጋ የተሰነጠቀበት መስመር ግን ውስጡ አለ። ፀሐይ ሲያደርቀውም፣ ውኃ ሲገባበትም በዚያው መስመር ተገምሶ ይወርዳል። በኖራ መሳይ ነጭ አፈር ወይም በልል ድንጋይ ላይ የምትቆፍሩም እንደዚያው አትመኑት።

ጥልቀቱ ወደ 1.5 ሜትር ሲደርስ፣ አፈሩ መጥፎ ከሆነ ከዚያም በፊት፣ ሰው ያለ ድጋፍ አይውረድበት። ቦታ ካላችሁ ግድግዳውን አጋድሙት፤ ለተሰነጠቀና ለረጠበ አፈር አንድ ሜትር በጠለቀ ቁጥር በየጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ይሰፋል። ቦታ ከሌለ በጣውላና በአጠና ደግፉት፤ ግራና ቀኙን በአግዳሚ ወጥሩት። ድጋፉ የሚገባው ከላይ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ሰው ወርዶ ድጋፍ ይምታ ማለት አደጋውን መጀመሪያ አድርሶ በኋላ መከላከል ነው። ለክብ የውኃ ጉድጓድ የኮንክሪት ቀለበት ከላይ እያስገቡ ከውስጥ እየቆፈሩ ማውረዱ ከሁሉ ይሻላል፤ ያስወጣል፣ ግን ቀለበቱ ኋላም ለጉድጓዱ ግድግዳ ይሆናል።

የወጣውን አፈር ከአፉ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። ቁፋሮ ላይ የማየው የዘወትር ስንፍና ይህ ነው፦ አካፋው የደረሰበት ድረስ ብቻ ይወረወርና ጠርዙ ላይ ተራራ ይሆናል። ያ ክምር ግድግዳውን ይገፋል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ጭንቅላት ላይ ይንከባለላል። መሰላል ሁልጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ይቁም፤ ከአፉ አንድ ሜትር ወጣ ይበል። ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊትና ከዝናብ በኋላ ጠርዙን ዙሩ፤ ከአፉ ጋር ጎን ለጎን የሄደ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ ማንም አይወርድም።

አየሩም አለ። ጥልቅ ጉድጓድ፣ በተለይ ሰንብቶ የተከፈተ ወይም ሽንት ቤት አጠገብ ያለ፣ ከታች የሚተነፈስ አየር ላይኖረው ይችላል። የቆየው ልማድ ኩራዝ ወይም ሻማ በገመድ ማውረድ ነው። እሳቱ ከጠፋ በርግጥ አትውረዱ። ባይጠፋ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፦ የሞተር ጭስ መርዝ ባለበት ሻማ ሊበራ ይችላል፤ ከሽንት ቤት የሚወጣ ጋዝ ባለበት ደግሞ እሳቱ ራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ሻማን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። ውኃ የሚስብ ሞተርም ሆነ ጄኔሬተር በምንም ምክንያት ጉድጓድ ውስጥ ወይም አፉ ላይ አይነሳ። ሰንብቶ የተከፈተ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጭራሹን ሰው አይግባ፤ ከላይ በመኪና አስመጥጡት፣ ካልተቻለም ደፍናችሁ ሌላ ቆፍሩ።

የሚቆፍረው ሰው ደረቱና ትከሻው ላይ ገመድ ይታሰርለት፤ ከላይ ገመዱን የያዘው ሰው ለቡናም ለስልክም ከዚያ አይነሳ። ከታች ያለው ዝም ካለ ከላይ ሆናችሁ ሳቡት። ተከትላችሁ አትውረዱ። ይህን ማዘዝ ቀላል፣ መፈጸም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወንድሙ ከታች የወደቀ ሰው ቁጭ ብሎ አይመለከትም። ለዚህ ነው ገመዱ አስቀድሞ የሚታሰረው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን በጨረሰው የመሬት ናዳ፣ ብዙዎቹ ያለቁት መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው ነው።

ከቁፋሮ ጋር የሚነሳ ሌላም አደጋ አለ። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ድረስ ዘልቆ ነበር። ስትቆፍሩ ወይም ቁርጥራጭ ብረት ስታነሱ የማታውቁት የጥይት፣ የቦምብ፣ የዛጎል ዓይነት ብረት ካገኛችሁ አትንኩት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ቦታውን ከሩቅ አመልክታችሁ ልጆችን አርቁና ለፖሊስ ንገሩ።

ኮረንቲ

በአጭሩ፦ የመንገድ ሽቦ ባለበት በኩል ፌሮ ወይም ቆርቆሮ የያዘ ሰው ከሽቦው ሦስት ሜትር ይራቅ። ካልተቻለ መብራት አገልግሎት መጥቶ ያጥፋ ወይም ያንሳ፤ እስከዚያ በዚያ በኩል አይሠራ። ውኃ ውስጥ የተኛ የተቀጠለ ገመድ አይኑር።

የእኛ ልዩ አደጋ ግን መብራት ሲኖር ሳይሆን ሲጠፋ ነው። መብራት ሲሄድ ግራይንደሩ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያው ይቆማል፤ ሠራተኛው «እስከዚያ» ብሎ የመሰንጠቂያውን ጥርስ ያጸዳል፣ ዲስክ ይቀይራል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራት ሳይነግር ይመጣል። በጠፋ ቁጥር ማጥፊያውን ማጥፋት፣ ሶኬቱን መንቀል፦ ይህን አንዴ ልማድ ካደረጋችሁት የአንድ ሰው ጣት ታተርፋላችሁ። የወፍጮ ቤት ሰዎችም ይህን ይስሙ።

አየሩና ሰውነቱ

ነጎድጓድ ሲሰማ ከጣሪያና ከርብራብ ውረዱ፤ የመጨረሻው ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትመለሱ። ቆርቆሮ የያዘ ሰው ነፋስ ካንገዳገደው ለዚያ ቀን የቆርቆሮ ሥራ የለም። ከመካነ ሰላም ወደ መርጡለ ማርያም በሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ለሥራ የምትወርዱ ደግሞ ከደጋ ብርድ ተነስታችሁ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ሰውነት በአንድ ቀን አይለምደውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባዱን ሥራ ጠዋትና ወደ ማታ አድርጉ፣ ውኃው ከሥራው ቦታ አይራቅ፤ አጎበርም ያዙ፣ ቆላው የወባ አገር ነው።

ጾምን በሥራ ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር፤ እንደ እኛው የቦረና ወረዳ ባለ አገር አንድ ርብራብ ላይ የሚቆሙት ሁለቱም ጾመኞች ነበሩ ማለት ነው። ውኃ ያልቀመሰ ሰው ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ይዞርበታል፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ሚዛን አይጠብቅም። ከፍታው፣ ጥልቀቱ፣ ግራይንደሩ ጠዋት ይለቅ፤ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ የሚሠራው ይሠራ። «እችላለሁ» ቢልም አትስሙት፤ አይደክመኝም ማለት የኩራት ጉዳይ ነው።

የሌሊት ዘበኛውንም አትርሱ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የዕቃ ክፍል ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው በጠዋት ላይነሳ ይችላል። የከሰል መርዝ አይሸትም። ብርድ ልብስ ስጡት፤ ከሰሉ ውጭ ይደር።

ጠዋት ከቡና በኋላ

የተገኘው፣ የተወሰነው ሁሉ በየጠዋቱ ሰው ተሰብስቦ ባለበት በአምስት ደቂቃ ይነገር፦ ዛሬ ምን እንሠራለን፣ የሚያስፈራው ምንድን ነው፣ ምን አድርገናል፣ አንድ ነገር ቢሆን ማን ምን ያደርጋል። ዛሬ የመጣ አዲስ የቀን ሠራተኛ ካለ ከሌሎቹ ጋር መስማቱ አይበቃም፤ ለብቻው ይነገረው፣ ደግሞ ያሳይ። ማንም ሰው፣ ውኃ የምታመላልሰውም ብትሆን፣ «ቁም» ካለ ሥራው ይቆማል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። «ቁም» ብሎ የተሳሳተ ሰው አይሰደብ፤ አንዴ ከተሰደበ ከዚያ በኋላ ማንም አይናገርም።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀምና ያየውን ጉድለት እንዲያሳውቅ። የተጻፈ ውል የለኝም ብላችሁ ከዚህ ውጭ ነኝ አትበሉ፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አደገኛነቱ ተነግሮት ያላስተካከለ አሠሪን ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ መሄድ እንደሚችልም አንቀጽ 32 ያስቀምጣል። በወረቀት ላይ መብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ የዛሬን ሒሳብ ማጣት ሌላ ነው። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ከሠራተኛው ይልቅ አሠሪው ቢያነበው ይጠቅማል።

ቢደርስስ? መካነ ሰላም ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የደሴ መንገድ ረጅም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አለን ብላችሁ ግን አትቀመጡ፣ የአምቡላንሱን ሹፌርና ቅርብ ያለ የአንድ ባጃጅና የአንድ አይሱዙ ባለቤት ስልክ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ። ከከፍታ የወደቀን ሰው እንደ ከረጢት አታንሱት፤ ጀርባውና አንገቱ እንዳይታጠፍ ጣውላ ላይ አጋድማችሁ በብዙ እጅ አንሱት።

ሥራ በተለወጠ ቁጥር ዙረቱ ይደገማል፦ ከዝናብ በኋላ፣ ከበዓል መልስ፣ ከግንብ ወደ ልስን ስታልፉ፣ ካቦው ሲቀየር። ርብራቡን ማፍረስም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሰው ስለተደሰተና ስለቸኮለ የሚወድቅበት ቀን ነው። ከላይ ወደ ታች ፍቱት፤ ሰያፉንና ከሕንፃው ጋር ያሰራችሁትን አስቀድማችሁ አትፍቱ፣ በየደርቡ በደረሳችሁ ጊዜ ብቻ። እንጨቱን ወደ ታች አትወርውሩ፣ በገመድ አውርዱት። ሚስማሩን እዚያው ንቀሉት ወይም እጠፉት፤ ነገ አጠናውን የሚሸከመው ሰው ሚስማር እንዳለው አያውቅም።